ከሸራው ላይ ነፋሱን መውሰድ

እንግሊዞች አንዱ የሌላውን ቅስም ሲሰብር «ከሸራው ላይ ነፋሱን ወሰደበት» ይላሉ። እኛ «ሐሞቱን አፈሰሰው» የምንለው መሆኑ ነው። አባባሉ የመጣው ከባሕር ነው። መርከብ በሸራ በሚጓዝበት ዘመን፣ አንዱ መርከብ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ተጠግቶ ሲያልፍ ሸራው ነፋሱን ይጋርዳል። የጎረቤቱ ሸራ ይረግባል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሳይነካው፣ መድፍም ሳይተኩስበት! በ19ኛው መቶ ዘመን አነጋገሩ ለሰውም ይነገር ነበር።

ወገኖች፣ ኤልያብ በዳዊት ላይ ያደረገው ይህንን ነው። ዳዊት ስለ ጎልያድ ሲጠይቅ፣ ታላቅ ወንድሙ ተቆጥቶ ጥቂቶቹን በጎች ለማን ትቶ እንደ መጣ ጠየቀው (1ኛ ሳሙ. 17፥28)። «ጥቂቶቹ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ ልጁን ለማሳነስ የገባች ናት። ኤልያብ ራሱ እኮ አርባ ቀን ሙሉ ከፈሩት ጋር ቆሞ ነበር።

ዛሬም አንድ ወጣት የአገልግሎት ሐሳብ ይዞ ሲመጣ «ይሄ ድሮ ተሞክሯል» ብለን እንሸኘዋለን። ምክር እንለዋለን፤ ብዙ ጊዜ ግን የምንፈራው እንዳይቀድመን ይመስለናል።

ነፋስ መጋረድ ሁሉ ክፉ አይደለም። ጳውሎስ የተሳፈረበት መርከብ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲሆንበት ቆጵሮስን ተገን አድርጎ አልፏል (ሐዋ. 27፥4)። ናታንም ዳዊትን በአንድ ምሳሌ አስቁሞታል። ናታን ግን ዳዊትን ከጥፋት ሊመልሰው እንጂ ሊያልፈው አልመጣም። ኤልያብ ደግሞ ታናሹ በፊቱ ሲቀባ ያየ ሰው ነው።

ዳዊት አልተከራከረውም። ፊቱን ወደ ሌላ ሰው አዙሮ ያንኑ ጥያቄ ደገመው።