ገንዘቡ ከናዳው ይቅደም፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት



ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ዶማና አካፋ ይዞ፣ ያልያዘውም በእጁ እየቧጠጠ ሰው ሊያወጣ ተረባረበ። አፈሩ ሁለተኛ የተናደው ያኔ ነው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለማዳን የሮጡት ናቸው፤ መምህራንና የጤና ባለሙያዎችም ነበሩባቸው።

ይህን «የተፈጥሮ አደጋ» ብለን እናልፈዋለን። ዝናቡስ የተፈጥሮ ነው። ውሃ የጠገበ ገደል ዳግም ሊናድ እንደሚችል ለአካባቢው ሰው አስቀድሞ ማስተማር ግን የመንግሥት ሥራ ነው። ከዳገት ሥር ያሉ ቤተሰቦች የት ይሰፍራሉ፣ በማን መሬት፣ በምን ገንዘብ የሚለውም እናንተን ይመለከታል። ገበሬ ተነሣ ስለተባለ ብቻ እርሻውን ጥሎ አይሄድም፤ የሚያርሰው ሌላ መሬት ማየት አለበት።

ቦረናን ደግሞ አስቡ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ቀረ። ላም በእግሯ ሳለች የሚደርስላት ድርቆሽና ውሃ ያተርፋታል። ከሞተች በኋላ የሚመጣው ስንዴ ቤተሰቡን ያከርማል፤ የልጆቹን ወተት ግን አይመልስም። ለዚህ መላ ጠፍቶ አይደለም፤ የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እየለካ የሚከፍል የከብት መድን እዚያው ቦረና ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ዓረቦኑን መክፈል ለሚያቅተው አርብቶ አደር ሁሉ ድጎማ ሳይቆራረጥ ይድረስ።

ወባም ዝናብና ሙቀትን ተከትላ ትመጣለች። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በአገሪቱ ያለው ግጭትም ለዚህ ድርሻ እንዳለው አውቃለሁ፤ ቢሆንም አጎበርና መድኃኒት ከትንኟ ቀድሞ ጤና ኬላ መድረስ ነበረበት።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ወረዳዎች የሟች ቁጥር ሳይጠየቁ፣ ትንበያውን ብቻ ይዘው ሊያወጡት የሚችሉት ገንዘብ ይኑራቸው። ምን ያህል ዝናብ ሲጠበቅ፣ ስንት ሳምንት ሲደርቅ እንደሚለቀቅ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን፤ ያን ጊዜ አስተዳዳሪው ደብዳቤ ጽፎ ከበላይ መልስ ሲጠብቅ ቀኑ አያልፍበትም። ገንዘቡ ይባክናል የሚል ሥጋት ካላችሁ ኦዲተር ላኩበት እንጂ አትከልክሉት።

እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት እያንዳንዳችሁ ወደ መረጣችሁ ሕዝብ ሂዱ። የትኛው መንደር ከገደል ሥር እንዳለ፣ የትኛው ወንዝ ሞልቶ ቤት እንደሚገባ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። የመንደሮቹን ስም ይዛችሁ የሰኔው የበጀት ውይይት ላይ ተገኙ፤ ለድጋፍ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊትም ለእነዚያ መንደሮች ስንት ብር እንደተያዘ ጠይቁልን።