ተለያይተናል ማለት ተፋተናል ማለት ነው?

ባለፈው ጥር አክስቴ ቤት ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። ሦስት አባቶችና የልጁ አጎት ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ልጁ ኑሮው ሲያትል ነው፤ የአክስቴን ልጅ የተዋወቃት ለእረፍት መጥቶ ነው። ሥራው፣ ሃይማኖቱ፣ ጠባዩ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ተጠየቀ። ቀደም ሲል ትዳር እንደነበረውም አልደበቁም፤ «ከዚያች ጋር ከተለያዩ ስምንት ዓመታቸው ነው» አሉ። አክስቴ አንገቷን ነቀነቀች፣ እሺታው ተሰጠ፣ ቡና ተፈላ። ወረቀቱን ማንም አልጠየቀም።

የጠየቅኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ የአክስቴን ልጅ ለብቻዋ አግኝቼ «የፍቺ ወረቀቱን አይተሽዋል?» ስላት ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን ብዬ ልጠይቀው? አላምንህም ማለት እኮ ነው!» አክስቴ ስትሰማ ደግሞ ባሰባት። «አንቺ ደግሞ ነገሩን የመሥሪያ ቤትሽ ጨረታ አደረግሽው» አለችኝ። ይሁን። ማርኬቲንግ ላይ ስሠራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ማስታወቂያውና ዕቃው አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ ነው።

ደግሞም ወረቀቱ ዛሬ ባይጠየቅ ነገ መጠየቁ አይቀርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 11 ቀድሞ ባደረገው ጋብቻ የተያዘ ሰው ሌላ ጋብቻ እንዳይፈጽም ይከለክላል። አሜሪካዊ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛው ሲያመለክት ደግሞ የሁለቱም የቀድሞ ጋብቻዎች በሕግ ማብቃታቸውን በማስረጃ ማሳየት አለበት። የቀድሞው ጋብቻ በሕግ ካልፈረሰ የአሁኑ ሠርግ የቱንም ያህል ቢደምቅ ለማመልከቻው አይረዳም።

ልጁ ሲጠየቅ ቅር አላለውም። «ኧረ ምን ችግር አለው፣ አወጣዋለሁ» አለ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲያትል ያለችው ኪንግ ካውንቲ ውስጥ ነውና እዚያ ጠየቀ፤ በስሙ ምንም መዝገብ የለም ተባለ። የአክስቴ ልጅ ያን ሌሊት አልተኛችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። አሜሪካ ውስጥ የፍቺ ውሳኔ የሚቀመጠው ባልና ሚስቱ በኖሩበት ወይም በተጋቡበት ቦታ ሳይሆን ዳኛው በፈረመበት ካውንቲ ነው። ካውንቲ እንደኛ ወረዳ ወይም ዞን በሉት። ዋሽንግተን ስቴት 39 ካውንቲዎች አሉት። ከእነሱ አንዱ ሊንከን ካውንቲ ነው፤ መቀመጫው ዳቨንፖርት የምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከሲያትል በስተ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዙሪያው የስንዴ እርሻ። የዚህ የገጠር ካውንቲ ፍርድ ቤት የታወቀው፣ ተስማምተው የሚፋቱ የስቴቱ ነዋሪዎች የትም ይኑሩ የት ወረቀታቸውን በፖስታ ልከው ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ እንዲያስወስኑ በመፍቀዱ ነው። ስለዚህ ዳቨንፖርትን በካርታ እንኳ አይተው የማያውቁ፣ ነገር ግን ትዳራቸው እዚያ የፈረሰ ሰዎች አሉ። ፎርም ሞልቶ የሚያስገባ ሰው ከፍለው፣ በተባሉበት ቦታ ፈርመው ወደ ሥራቸው የሄዱ። የእኛም ልጅ እንደዚያው ነበር።

እንዴት አገኘነው? የስቴቱ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ በስም የሚፈለግበት ቦታ አለ፤ ክፍያ የለውም፣ ከአዲስ አበባም ይሠራል። ስሙን አስገባን፣ የለም። የኛን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ መቼም መከራ ነው፤ ያው ሰው ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ በሌላ ይጻፋል። ፊደል እየቀያየርን፣ የአባቱን ስም ከራሱ ስም እያስቀደምን ሞከርን። በመጨረሻ የተገኘው በቀድሞ ባለቤቱ ስም ነው። ለካ ከሳሽ ሆና ያመለከተችው እሷ ናት። የመዝገቡ ቁጥር ራሱ ይናገራል፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱ ናቸው፣ ቀጥሎ የምትመጣው 3 የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑን ታመለክታለች።

በስም ፈልጎ ያጣ ሰው ሌላም መንገድ አለው። የዋሽንግተን ስቴት ጤና መምሪያ እንደ ፈረንጆቹ ከ1968 ጀምሮ ያለውን የፍቺ ምዝገባ ይዟል። እሱ የሚሰጠው ሰርተፍኬት አጭር ነው፤ ሙሉ ውሳኔው የለበትም። ግን ፍቺው የት ካውንቲ እንደተወሰነ ይነግራችኋል፤ ከዚያ ወደ ካውንቲው መጻፍ ነው።

የሚጻፈው ለሱፒሪየር ኮርቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፤ እነሱ ካውንቲ ክላርክ ይሉታል። በሌሎቹ ስቴቶች ስሙ ይለያያል፤ ቨርጂኒያ የሰርኪዩት ኮርት ክላርክ፣ ቴክሳስ ዲስትሪክት ክላርክ ትላለች። ደብዳቤው ላይ የሁለቱ ሙሉ ስም፣ ዓመቱና የመዝገብ ቁጥሩ ይግባ፤ ከሁሉ በላይ የምትፈልጉት በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ መሆኑ ይጻፍ። ተራ ኮፒ ከላኩላችሁ ለኤምባሲ አይሆንም። የተረጋገጠው በሕጉ ተመን ለመጀመሪያው ገጽ 5 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ገጽ 1 ዶላር ነው። ከመላካችሁ በፊት ግን ደውሉ፣ የገጹን ብዛትና የሚቀበሉትን የክፍያ ዓይነት ጠይቁ። እነሱ ጠዋት 2 ሰዓት ቢሮ ሲገቡ እኛ ጋ ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 1 ሰዓት። የገጠር ቢሮ ጥሩነቱ ስልኩን ሰው ያነሳዋል። እኔ የደወልኩ ቀን ያነሳችው ሴትዮ ቁጥሩን ስነግራት መዝገቡን ወዲያው አገኘችውና «ስንት ኮፒ?» አለችኝ። የልጁ ዘመድ ነሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፤ እዚያ የፍቺ ውሳኔ በመሠረቱ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ የገንዘብ ሰነዶችና የመሳሰሉት ብቻ ይታሸጋሉ።

ወረቀቱን ልጁ በፖስታ ተቀብሎ ፎቶ አንስቶ ላከልን። ስናነበው ርዕሱ ላይ የጠበቅነው ቃል የለም። በዋሽንግተን ፍቺ «ዲሶሉሽን» ነው የሚባለው፤ ከ2016 ወዲህ ያሉት ፎርሞች «የመጨረሻ የፍቺ ትዕዛዝ» ይላሉ። የእኛው የሚለው ግን «ሊጋል ሴፓሬሽን» ነው። ንብረት ተከፋፍለዋል፣ ዕዳ ተለይቷል፣ ዳኛ ፈርሟል፤ ጋብቻው ግን አልፈረሰም። ስምንት ዓመት ሙሉ ባለትዳር ነበር።

አልዋሸም። ሽማግሌዎቹም አልዋሹም። በአማርኛ «ተለያይተናል» ስንል ሁለቱንም ማለታችን ነው፤ እዚያ ግን ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው፣ አንደኛው ዳግም ለማግባት አያስችልም። የአክስቴ ልጅ ስልኳን አስቀምጣ ለብዙ ደቂቃ ዝም አለች። «የኔ ሠርግ እኮ በሚያዝያ ነበር» ብቻ አለች።

ደግነቱ መፍትሔ አለው። የስቴቱ ሕግ የመለያየት ውሳኔ ከተሰጠ ስድስት ወር ካለፈው፣ ከሁለቱ አንዱ ሲያመለክት ፍርድ ቤቱ ወደ ፍቺ እንዲለውጠው ያዛል። ለቀድሞ ባለቤቱ አሳወቃት፤ እሷም እንደተፋታች ነበር የምታስበው። በዚህ ጊዜ ጠበቃ ይዞ አመለከተና ተለወጠለት።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የማኅተሙ ጉዞ ተጀመረ፦ የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ኤምባሲያችን፣ በመጨረሻ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ከክላርኩ ሦስት የተረጋገጡ ግልባጮች አዝዘን ስለነበር አንዱ ሲዞር ሌላው ለማመልከቻው ተቀመጠ። እናንተም አንድ ብቻ አታዝዙ።

ወረቀቱን ስትቀበሉ ደግሞ ርዕሱን፣ የዳኛውን ፊርማና መዝገብ ቤቱ ያተመበትን ቀን እዩ። ፎርሙ የተፈረመበት ቀን ፍቺው የጸናበት ቀን አይደለም፤ በዋሽንግተን ከማመልከቻው በኋላ ቢያንስ 90 ቀን መቆየት ግድ ነው። ልጆች ካሉም የቀለብ ትዕዛዙ በዚያው መዝገብ ውስጥ ይገኛል፤ ወደ ትዳር የምትገባ ሴት ይህንንም ብታነበው አይከፋም።

ሠርጉ ወደ ጥቅምት ተሸጋግሯል። አክስቴ ለሁለት ሳምንት አኩርፋኝ ነበር። አሁን ግልባጩን በፕላስቲክ ከትታ ከቤቱ ካርታ ጋር ቆልፋበታለች፣ ቁልፉን ለሙሽራዋም አትሰጥም።