ምን ይጠቅማል?

ሰሞኑን ግቢዬ እንግዳ በዝቶበታል። ጥቁር ክንፏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ የተረጨባት፣ መዳፍ የምታህል ቢራቢሮ አጥሩን ተሻግራ ትመጣለች። የጎረቤት ልጆች በኦሮምኛ «ቢላቻ! ቢላቻ!» እያሉ ይከተሏታል፤ እኔም ቡናዬን ይዤ ደጅ ከተቀመጥኩ መነሳት አይሆንልኝም።

ጎረቤቴ ጋሼ ግን የሎሚዬን ቅጠል ገለበጥ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ትል ሳይጨርስልህ መድኃኒት ርጭበት» አሉኝ።

ትሉ የቢራቢሮዋ ልጅ ነው። ስትጥለው አይቻታለሁ። ለጋ ቅጠል መርጣ በእግሯ ትደበድበዋለች፤ የምትቀምሰው በእግሯ ነውና። ከዚያ አንዲት ዕንቁላል ጣል፣ ወደ ሌላው ቅጠል ብርር። የሚፈለፈለው ትል መጀመሪያ ቁርጥ የወፍ ኩስ ነው፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይለብሳል። ሲነኩት ከአናቱ ብርቱካናማ መንታ ቀንድ ያወጣና የሚሰነፍጥ ሽታ ይለቃል። ጋሼ ነክተው ጣታቸውን አሸተቱ። ሳቄን ዋጥ አደረግኩ።

ሎሚ ባልተተከለበት ይህ ትል ከሚበላቸው አንዱ ልምጭ ነበር፤ ጥርሳችንን የምንፍቅበትን ማለቴ ነው። ልምጩን አጥር እናሳምር ብለን መነጠርነው፣ ግቢውን ደግሞ ሲሚንቶ አለበስነው።

«እሺ፣ ቢራቢሮው ምን ይጠቅማል?» አሉ ጋሼ።

አበባ ያዳቅላል ብል ይረቱልኝ ነበር። አላልኩም። የእኛ ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል፤ አጋዥ ካሻው ንብ አለችለት፣ ኢሉባቦራችን መቼም የማር አገር ነው። ቢራቢሮም ብናኝ ማዛመቷ አይቀርም፣ እንደ ንብ ግን አትተጋም። ጠጥታ ትሄዳለች። ትሂድ!

ይቺ «ምን ይጠቅማል» የምትባል ጥያቄ ድሮም ታንገበግበኛለች። የእኛው ሶር ፏፏቴ ሲነሳ ወሬው ወዲያው ገቢ ላይ ያርፋል። የያዩ የቡና ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ መመዝገቡን ሳወራለት አንድ ወዳጄ የጠየቀኝ የቡናው ዋጋ ይጨምር እንደሆነ ነው። ውሃ ሲወርድ ቆሞ ለማየትም የአዋጭነት ጥናት ሊያስፈልገን ነው?

ጋሼ አልተረቱም። እሁድ ቤታቸው ዶሮ ስለሚሠራ ግን ለማጠቢያ የሚሆን ሎሚ፣ ከዚያው ቅጠሉ ከተበሳሳው ዛፍ፣ በኪሳቸው ሞልተው ሄዱ።