ኮርቻው ይውረድ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞሩት የባሕር ማዶ የመኪና ላይ ቤቶች አናደዱኝ። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የዕቃ ማጠቢያው፣ አንዳንዱ ላይ ገላ መታጠቢያው ሳይቀር በአንድ ሚኒባስ ሆድ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይታያል። ያናደደኝ ማማሩ አይደለም። ሚኒባስ ያለው የእኛ ሰው ልጆቹን ይዞ ቅዳሜና እሑድን ሐይቅ ዳር ለማደር ሲያስብ ይህን አይቶ መጀመሪያ የሚመጣለት ወንበር ቆርጦ መጣል፣ ወለል መብሳትና ቁም ሣጥን መግጠም መሆኑ ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ለሁለት ቀን ጉዞ በሚዘጋጅ የቤተሰብ መኪና ላይ ምንም ነገር ተሰክቶ መቅረት የለበትም። ጓዙ ሁሉ ዓርብ ማታ የሚጫን፣ እሑድ ማታ የሚወርድ ይሁን። ፈረስ ኮርቻ ይጫንበታል እንጂ አይሰፋበትም። በየዓመቱ ጥር 23 ለፈረሰኞች በዓል ፈረሱን አስጊጦ ለሚወጣው የአዊ ሰው ይህን ማስረዳት ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው፤ ያ ሁሉ ጌጥ ሲመሽ ይወርዳል፣ ፈረሱም በማግሥቱ ሥራው ላይ ነው።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ቶሎ ወደ ሒሳቡ እንደምገባ ታውቃላችሁ። የዳንግላ ቤተሰብ ሚኒባስ ከሰኞ እስከ ዓርብ የቤቱ እንጀራ ነው፤ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከገበያ እህልና ድንች ያመላልሳል፣ ለቅሶም ሠርግም ያደርሳል። ቁም ሣጥን የተገጠመበት መኪና ይህን አይሠራም። ተበላሸ ብሎ ሌላ መተካትም እንደ ድሮው ቀላል አይደለም፤ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት ያስታወቀው በጥር 2016 ነው። በእጅ ያለ መኪና ዛሬ ተጠብቆ የሚኖር ንብረት ነው፤ የተበሳ ወለል ደግሞ ዝገት ይጠራል። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብም በፋብሪካ ቅርጹ የቆመ መኪና ጥያቄ አያስነሣም። ይህ የድሃ አገር ቁጥብነት ብቻ ነው የሚል ካለ ጀርመንን ይመልከት። ቮልስዋገን ሚኒባሱን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። በዓመቱ፣ በ1951፣ ዌስትፋሊያ የተባለው ኩባንያ ለዚያው መኪና የካምፒንግ ሣጥን ሠራ። ሣጥኑ መኝታና ማብሰያ የሚሆን ጓዝ የያዘ፣ ገብቶ የሚወጣ ዕቃ ነበር፤ በሥራ ቀን ጭነት የሚያመላልሰው መኪና በእረፍት ቀን ማደሪያ እንዲሆን ታስቦ የተበጀ። ዛሬ በስልካችን የምናየው ሁሉ የዚያ ሣጥን ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ለእኛ የሚበጀን አያትየው ነው።

የራሳችን ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሜጀር ሮበርት ችዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዚሁ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ነበሩ። የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ያጠኑት ድንኳንና ስንቅ በበቅሎ እያስጫኑ ነው፤ ጥናታቸውን የያዘው መጽሐፍ በ1936 ታተመ። ያን ጭነት የሚጭኑትና የሚያራግፉት የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ ሙያውም የእነሱ ነው። አጋሰስ ሲጫን ግራና ቀኙ ይመዛዘናል፣ ከባዱ ዝቅ ይላል፣ ማታ የሚፈለገው ዕቃ ከላይ ይሆናል። ይህ ካልሆነ በቅሎዋ ትገጠባለች። መኪናም የሚገጠብበት ቦታ አለው። ውኃና እህል ጣሪያ ላይ የተቆለለበት ሚኒባስ ኩርባ ላይ ይወላገዳል፣ ፍሬኑም ይከብደዋል፤ ያው ጭነት ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ እግር መካከል ቢቀመጥ ግን መኪናው መጫኑንም አያውቀው። ጣሪያው ላይ ድንኳንና ሸራ ብቻ ይውጣ።

አልጋው ከቀርከሃ ይሁን፤ ስለ ቀርከሃ ስጽፍ የመጀመሪያዬ አይደለም፣ የመጨረሻዬም አይሆንም። ባንጃና እንጅባራ የደጋ ቀርከሃ አገር ነው። ከዚያው የሚወጣ የደረቀ ቀርከሃ ተሰንጥቆ ሦስት ቀላል ርብራብ ይሠራ፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚያነሣው ዓይነት። ርብራቦቹ ቁመታቸው እኩል በሆነ አራት ሣጥኖች ላይ ይዘርጉ። ሣጥኖቹ የአልጋው እግር ናቸው፣ ስንቁና ልብሱ የሚቀመጠውም እነሱ ውስጥ ነው። የኋላ ወንበሮች በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ በቁልፍ ፈትቶ፣ ብሎኖቹን በአንድ ቆርቆሮ ሰብስቦ፣ እሑድ ማታ መልሶ ማሰር መኪና መቁረጥ አይባልም። ቀርከሃን የምመርጠው የአገሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በተዘጋ መኪና ውስጥ አራት ሰው ሲተኛ እስትንፋሱ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውኃ ይሆናል፤ ፍራሹ በድፍን ጣውላ ላይ ካረፈ ሥሩ ይረጥባል፣ ይሻግታል። ርብራብ ግን ከሥር አየር ያሳልፋል። ነቀዝ ይበላዋል የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው፣ በእርጥቡ የተቆረጠና በወጉ ያልደረቀ ቀርከሃ ነቀዝ አይለቀውም። መልሱ በደንብ የደረቀውን መግዛት ነው። አንድ ሌላ ልክም አለ። የተለመደው ጠባቡ ሃያስ ሚኒባስ ከውጭ ሲለካ እንኳ ወርዱ 1.7 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ አዋቂ ሰው በቁመት እንጂ በአግድም አይተኛም፤ ስድስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ሁሉ ውስጥ አያድርም። ወላጅና ትንንሾቹ ከውስጥ፣ ጎረምሶቹ መኪናው ጥግ በተተከለ ድንኳን ይደሩ። እንጅባራ ዙሪያ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ የበጋው ሌሊት ውርጭ ያወርዳል፣ ብርዱም ከላይ ይልቅ ከሥር ይገባል። ለአንድ ሰው ሁለት ጋቢ ቢያዝ አንዱ ከሥር ይነጠፍ።

ብርዱን ካነሣሁ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ዞናችን አዊ የከሰል አገር ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ በአምስት ዓመት ገደማ ለከሰል ያደርሰዋል፤ ርካሽና በየደጃፉ ያለ ማገዶ ስለሆነ የሚበርደው መንገደኛ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ከሰል የተያያዘበት ምድጃ በምንም ምክንያት መኪና ውስጥ አይግባ። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝና የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ጭሱ ስለጠፋ አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም፤ አመድ የለበሰ ፍም አየር አጥቶ ሲቃጠል ይህንኑ ጋዝ ያመርታል። መስኮቱን ገርበብ አድርገነዋል የሚል ክርክር እሰማለሁ። የተከፈተው ስንጥቅ ያንን ጋዝ ጠርጎ እንደሚያወጣ ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም፤ የመስኮቱ መከፈት ለእስትንፋስ ነው፣ ለፍም አይደለም። ቡታጋዝም እንዲሁ ነው፤ ማብሰል ከመኪናው ራቅ ብሎ፣ በነፋስ መከለያ ውጭ ይሁን። ቡናውም ውጭ ይፈላ። ልጅ ያለበት ቤተሰብ በሌላው ምክሬ ቢስቅ ቅር አይለኝም፣ በዚህ ግን እለምናለሁ።

የቀረው ቀላል ነው። ማቀዝቀዣ ካልተገጠመ ምን ይበላል ለሚሉት ደረቅ ስንቅ እኛ የምናውቀው ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ድርቆሽ ማቀዝቀዣ አያውቁም፣ የቅዳሜውን ምሳ ደግሞ አገልግል ይችለዋል። ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር ቢታሰብ፣ ለአራት ሰው ለሁለት ቀን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። መብራት ከመኪናው ባትሪ አይጠባ፤ በሶላር የሚሞላ ፋኖስ ይበቃል፣ ስልክም መኪናው ሲሄድ ይሞላ። ሰኞ ጠዋት የማይነሣ ሞተር የእሑዱን ደስታ ያጠፋል። ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ ከጓዙ ሥር ተቀብረው እንዳይቀሩ ቦታቸው መጀመሪያ ይለይ።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የጊዜው ነው። ግጭት ከበረታበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን መንገድ መውጣት እንደ ቀድሞው እንዳልሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ቀን ማንንም ተነሡ አልልም፤ ቤተሰብ ጭኖ በጨለማ መንዳትማ በሰላሙም ጊዜ አልደግፈውም። ግን ይህ ራሱ ለክርክሬ ይመሰክራል። የተገጠመ ቁም ሣጥን መንገድ እስኪከፈት መኪናውን ሥራ ያስፈታዋል። ርብራብና ሣጥን ግን ግድግዳ ተደግፎ ቀኑን ይጠብቃል። ቅብጠት ነው የሚሉም አሉ፤ ደጃፋቸው ያለውን ሐይቅ በፎቶ ብቻ የሚያውቁ ልጆች ማሳደግ ለምን ቁም ነገር እንደሚባል ያስረዱኝ።

ቀኑ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ዘንገና ነው፤ ለእንጅባራ ቅርብ፣ በዋናው መንገድ ጥግ። ዘንገና የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የለውም። የገባበት ሳሙና፣ የተጣለበት ፕላስቲክ፣ ዳርቻው ላይ የተተወ ቆሻሻ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከጓዙ መካከል አንድ አካፋና አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ይኑር፤ አካፋው ከውኃው ርቆ ጉድጓድ ለመቆፈር፣ ከረጢቱ ቆሻሻን ወደ ቤት ለመመለስ። እንግዲህ ነገሩ የቤተሰብ ብቻ አልሆነም። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ከሐይቁ አፋፍ ራቅ ያለ አንድ ሜዳ ለአዳሪ ቢለይ፣ መጸዳጃ ቢያስቆፍርና የአካባቢውን ወጣቶች በክፍያ ጥበቃ ላይ ቢያቆም፣ አሥር ሚኒባስ በአንድ ሌሊት የሚከፍለው ለእነሱ ደመወዝ፣ ለሐይቁም አጥር ይሆናል። ማገዶውንና የተቀቀለ ድንቹንም እነሱ ይሽጡልን፤ ሽንኩርትና በርበሬውን ከዳንግላ ይዘን እንወጣለን።