አደይን ከነሥሩ አትንቀሉት

ቆቦ ላይ ሴቶች ልጆች ነሐሴ 16 የጀመሩትን ሶለል ጨፍረው ሳይጠግቡ እንቁጣጣሽ ይደርሳል። እቅፍ አደይ ይዘው ደጅ ለደጅ ሲዞሩ ማየት ያስደስታል። አምና የእኔም ልጅ ከአያቷ ጓሮ የነበረውን አደይ አንድ ሳታስቀር ከነሥሩ ነቅላ አመጣችላት። እናቴ ስማ መረቀቻት እንጂ ምንም አላለቻትም። ዘንድሮ ግን በዚያ ጓሮ የበቀለው ሁለት እግር ብቻ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አደይ አበባ በክረምት በቅሎ፣ በመስከረም ፈክቶ፣ በበጋ የሚደርቅ ተክል ነው። ለከርሞ የሚተካው ዘሩ ብቻ ነው። ዘር ሳይጥል ከተነቀለ፣ የነቀልነው የሚመጣውን ዓመት አበባ ጭምር ነው።

ስለዚህ ልጆቻችንን በመቀስ መቁረጥ እናስተምራቸው። ጠዋት በጤዛ ቆርጠው፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈው፣ ውሃውን በየቀኑ ከቀየሩለት ቤት ውስጥ ሰንበት ይላል። ከየቦታው ጥቂቱን ለዘር ይተዉ። የተረፈው ለንብም ቀለብ ነው፤ በኅዳር አካባቢ ለሚቆረጠው ማር ከአደይና ከዘመዱ ከኑግ አበባ የምትቀስመው ብዙ ነው።

በጓሯችሁ ማብቀል ለምትፈልጉ፦ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ የአበባው ራስ ደርቆ ሲጠቁር በነጠላ ላይ አራግፉት። ዘሩን ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ በወረቀት ጠቅልሉ። ዝናቡ ሲይዝ፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ከአሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ በትኑ፤ አፈሩን ስስ አድርጋችሁ አልብሱት። ፍግ አታብዙበት፤ ቅጠል ብቻ ይሆናል። አደይ ይበልጥ የሚስማማው ደጋና ወይና ደጋ ነው። እንደ ቆቦ ሜዳ ባለ ሞቃት ቦታ፣ ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቀድሞ ካቋረጠ፣ ማታ ማታ ውሃ ማጠጣት ግድ ነው።

እኛ እነዚያን ሁለት እግሮች ዘንድሮ አንነካቸውም። ልጄ በየማታው በጣሳ ታጠጣቸዋለች። ለአያቷ የምትሰጣት አበባ እንደ ወንዶቹ በወረቀት የሣለችውን ነው፤ ቢጫው ቀለም አልቆባት ግማሹን በብርቱካናማ ጨርሳዋለች።