የጠፈር መንኮራኩርን ማዛወርና መቁረጥ አንድ አይደለም

ሰው አሳፍረው ወደ ጠፈር ከተጓዙት ታሪካዊ መንኮራኩሮች መካከል ብዙዎቹ ዛሬ የሚገኙት በቤተ መዘክሮች ውስጥ ነው። ዩሪ ጋጋሪን በ1961 ምድርን የዞረባት የቮስቶክ 1 ካፕሱል ሞስኮ አጠገብ በኮሮልዮቭ ከተማ የሚገኘው የኤነርጊያ ድርጅት ቤተ መዘክር ቅርስ ናት። አፖሎ 8 በቺካጎ፣ አፖሎ 10 በለንደን የሳይንስ ቤተ መዘክር ይታያሉ። ጨረቃን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡትን ሰዎች ይዛ የተመለሰችው የአፖሎ 11 ካፕሱል ኮሎምቢያ ደግሞ በዋሽንግተን በብሔራዊው የአየርና የጠፈር ቤተ መዘክር ትገኛለች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ቅርሶች የት ይቀመጡ የሚለው ጥያቄ የጎብኚና የገቢ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ጥቂት አይደሉም። በ2025 በአሜሪካ የተነሣው የዲስከቨሪ ክርክር ግን ጉዳዩ ከዚያ የጠለቀ መሆኑን አሳይቷል። እኛም በዚህ ላይ ያለንን አቋም ለአንባብያን ማቅረብ ወደድን።

ዲስከቨሪ ከጠፈር መመላለሻዎች፣ ማለትም ከስፔስ ሸትሎች፣ ሁሉ ብዙ ጊዜ የበረረች ናት። ከ1984 እስከ 2011 ድረስ 39 ጊዜ ተጉዛ በድምሩ አንድ ዓመት ያህል በጠፈር ቆይታለች። ሐብል የተባለውን ቴሌስኮፕ በ1990 ወደ ምሕዋሩ ያደረሰችው እርሷ ናት። ቻሌንጀር በ1986፣ ከአፖሎ 11 ካፕሱል ጋር ሞክሼ የሆነችው ኮሎምቢያ ደግሞ በ2003 ከነጠፈርተኞቻቸው ስለጠፉ፣ ጠፈር ደርሰው ከቀሩት ሦስቱ መካከል አንጋፋዋም ዲስከቨሪ ናት። ናሳ በ2011 መመላለሻዎቹን ሲያከፋፍል ዲስከቨሪን ለስሚዝሶንያን ተቋም፣ አትላንቲስን በፍሎሪዳ ለሚገኘው የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል፣ ኢንዴቨርን ለሎስ አንጀለስ፣ ለሙከራ ብቻ ተሠርታ ጠፈር ያልደረሰችውን ኢንተርፕራይዝን ለኒው ዮርክ ደለደለ። የበረራ መቆጣጠሪያው ማዕከልና የጠፈርተኞቹ ማሠልጠኛ ያለባት ሂዩስተን ግን ከድልድሉ ውጭ ሆነች።

ሂዩስተን ቅር ብትሰኝ አይፈረድባትም። ጨረቃ ላይ ያረፉት ሰዎች ሲነጋገሩ የነበረው ከእርሷ ጋር ነውና። ይህን ቅሬታ መነሻ በማድረግ በሐምሌ 2025 በጸደቀ ሰፊ የበጀት ሕግ ውስጥ፣ ሰው አሳፍሮ የበረረ አንድ መንኮራኩር ለማዛወር የሚውል 85 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ሕጉ መንኮራኩሩን በስም አይጠራም፤ ሐሳቡን ያመነጩት የቴክሳስ ሴናተሮች ግን ዒላማቸው ዲስከቨሪ መሆኗን አልደበቁም። ስሚዝሶንያን በበኩሉ ዲስከቨሪ በእጅጉ ሳትፈታታ ልትጓዝ እንደማትችል፣ ወጪውም ከ120 እስከ 150 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል በዚያው ዓመት ለምክር ቤቱ አስታወቀ።

መፈታታቱ ለምን አስፈለገ? ዲስከቨሪ 37 ሜትር ትረዝማለች፤ ከክንፍ እስከ ክንፍ ስፋቷ 24 ሜትር ያህል ነው። በ2012 ወደ ዋሽንግተን የተወሰደችው ለዚሁ ተግባር በተለወጠ ቦይንግ 747 ጀርባ ላይ ተጭና ነበር። እንዲህ ያሉት አውሮፕላኖች ሁለት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም ከአገልግሎት ወጥተዋል። የሚያስገርመው፣ ከሁለቱ አንዱ ራሱ ዛሬ በሂዩስተን ለትዕይንት ቆሞ፣ በጀርባው ላይ የመመላለሻ አምሳያ ተጭኖበት መገኘቱ ነው። በየብስ እንሂድ ቢባል፣ ኢንዴቨር በጥቅምት 2012 በሎስ አንጀለስ ጎዳናዎች ላይ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ ለማሳለፊያ ብቻ 400 ያህል ዛፎች ተቆርጠዋል። ከዋሽንግተን እስከ ሂዩስተን ያለው ርቀት ደግሞ ከ1,900 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በባሕር ቢታሰብም ከቤተ መዘክሩ እስከ ውኃው ያለው የየብስ መንገድ አይቀርም። ስለዚህ የሚቀረው ክንፏንና ጅራቷን መለየት ነው።

የእኛ ተቃውሞ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስሚዝሶንያን ዲስከቨሪን ሲረከብ አላደሳትም፣ አልቀባትም፤ ከመጨረሻው በረራዋ እንደ ተመለሰች አኖራት። የመመላለሻዋ አካል በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ይህ ብረት ደግሞ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ባለ ሙቀት እንኳ ጥንካሬውን መቀነስ ይጀምራል። ወደ ከባቢ አየር ተመልሳ ስትገባ ግን የሆዷ ገጽ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ይግል ነበር። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ቆመው ያዳኗት ከሲሊካ ቃጫ የተሠሩ፣ ከ24,000 የማያንሱ ጡቦች ናቸው። እያንዳንዱ ጡብ ለተመደበለት ቦታ ብቻ ተለክቶ የተቀረጸ፣ የራሱ ቁጥር የተጻፈበት፣ በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። ብዙ ጊዜ የበረረው ጡብ ከአዲሱ በቀለሙ ይለያል። ሙቀቱ የት እንደበረታ፣ የትኛው ጡብ እንደተተካ፣ የጋለው አየር በየት አቅጣጫ እንደፈሰሰ ከገጿ ላይ ማንበብ ይቻላል። ክንፍ ለመለየት በመገጣጠሚያው ላይ ያሉትን ጡቦች መንቀል፣ ከሥራቸው ያለውንም መዋቅር መክፈት ግድ ነው። መልሶ መግጠም ይቻል ይሆናል፤ በሙቀት የተጻፈውን መልሶ መጻፍ ግን አይቻልም።

«ሁሉም ነገር በዓይን ታይቷል፣ ፎቶግራፍም ተነሥቷል፤ ከእንግዲህ ምን ይገኛል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ መልሳችን የአፖሎ 11 ካፕሱል ናት። በ2016 የስሚዝሶንያን ባለሙያዎች የካፕሱሏን ውስጥ በሦስት ገጽታ ዲጂታል ቅኝት ሲመዘግቡ፣ ጠፈርተኞቹ በእጃቸው ግድግዳው ላይ የጻፏቸውን ማስታወሻዎች አገኙ። ቁጥሮች አሉ፤ ቀኖቹ አንድ በአንድ የተሰረዙበት ትንሽ የቀን መቁጠሪያ አለ፤ የሚሸት ቆሻሻ ያለበትን ሣጥን የሚያመለክት ማስጠንቀቂያም አለ። ካፕሱሏ ከተመለሰች 47 ዓመት ሆኗታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሚሊዮኖች ጎብኝተዋታል። ውስጧ ለማማር ሲባል ተጠርጎና ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ከቀለሙ ሥር በቀረ ነበር።

መፈታታት የሚያስከትለውን ለማወቅ ከፈለግን ደግሞ አፖሎ 13ን እንመልከት። በ1970 ከአደጋ የተረፈችው ካፕሱል ለምርመራ ሲባል ውስጧ ወጣ፤ ለምርመራው ይህ ተገቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ባዶ ቅርፊቷ ፓሪስ አጠገብ ለቡርዤ ወደሚገኘው ቤተ መዘክር ተላከ፤ የውስጥ ዕቃዋ በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ቀረ። በካንሳስ ሃቺንሰን የሚገኘው ኮስሞስፌር ቤተ መዘክር ክፍሎቿን እያፈላለገ መልሶ የገጣጠማት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1990ዎቹ ነው።

በፍትሐዊነት ለመናገር፣ መፈታታት ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ሊበርቲ ቤል 7 በ1961 አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ሰጥማ፣ በ1999 ከ4,500 ሜትር ከሚበልጥ ጥልቀት ስትወጣ፣ ያው ኮስሞስፌር ክፍሎቿን አንድ በአንድ ፈትቶ አጽድቷቸዋል። ጨዋማው ውኃ ብረቷን እየበላው ስለነበር ሳይፈቷት ማዳን አይቻልም ነበር። እዚያ የተፈታችው ለራሷ ሕይወት ሲባል ነው፤ ዲስከቨሪ የምትፈታው ግን ለአድራሻ ለውጥ ነው።

ማዛወርን በጅምላ የምንቃወም አይደለንም። ኮሎምቢያ ካፕሱል በ2017 ራሷ ሂዩስተን ድረስ ሄዳ ታይታለች፤ የሄደችው ግን ሙሉ አካሏን እንደያዘች ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ድንቅነሽ (ሉሲ) በ2007 ወደ አሜሪካ ስትሄድ፣ እንዲህ ያለ ተሰባሪ ቅሪተ አካል መጓዝ የለበትም ብሎ ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነው ይኸው ስሚዝሶንያን ነበር፤ በመጀመሪያ የተቀበላትም በዚያችው በሂዩስተን የሚገኘው የተፈጥሮ ሳይንስ ቤተ መዘክር ነው። ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ አጥንቶቿ በዚያ ጉዞ ወቅት በ2008 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ተመዝግበዋል፤ ከዚያ ምዝገባ የተነሣው፣ ከዛፍ ወድቃ ሞታለች የሚለው የ2016 ጥናትም እስካሁን ተመራማሪዎችን ያከራክራል። ድንቅነሽ በ2013 ስትመለስ ስትሄድ የነበረችው ድንቅነሽ ነበረች። ማንም ለሣጥኑ እንዲመች ብሎ አጥንቷን አልቆረጠም።

የሂዩስተን ጥያቄ ፍትሕን የሚመለከት ከሆነ፣ ከተማዋ ባዶ እጇን አለመቅረቷም መነገር አለበት። የጎብኚዎች ማዕከሏ በ1963 የበረረችውን ፌዝ 7ን፣ ጀሚኒ 5ን፣ እንዲሁም ከጨረቃ የመጨረሻዎቹን ተጓዦች የመለሰችውን አፖሎ 17ን ይዟል። የተመደበው ገንዘብ እነዚህን ለመጠበቅና ለማጥናት፣ እንደ ኮሎምቢያም የውስጥ ግድግዳዎቻቸውን በዲጂታል ለመመዝገብ ቢውል ለተማሪ የሚሰጠው ትምህርት እጅግ በበለጠ ነበር።

ዲስከቨሪ የተቀመጠችበት የኡድቫር ሔዚ ማዕከል የሚገኘው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያርፍበት ከዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ጎን ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ዘመድ ኖሮት የሚሄድ አንባቢ መግቢያ ሳይከፍል ሊያያት ይችላል። ከኋላ የሚታዩት ትልልቅ የሞተር አፎች አምሳያዎች ስለሆኑ ብዙ ጊዜ አያጥፋባቸው፤ የመመላለሻዎቹ እውነተኛ ሞተሮች ለአዲሱ የናሳ ሮኬት ተወስደዋል፤ ከእነርሱም አራቱ በ2022 በአርቴሚስ 1 በረራ ላይ ነድደው ከሮኬቱ አካል ጋር ጠፍተዋል። ይልቅ ከአፍንጫዋ ሥር ቆሞ ጥቁሮቹን ጡቦች፣ በላያቸውም የተጻፉትን ቁጥሮች ይመልከት።