ማራገቢያው ይጠገን፣ ካርዱ አይጣል
የግራፊክስ ካርድ ሲጮህ በመጀመሪያ መለየት ያለበት የድምፁ ዓይነት ነው። ጌም ሲከፈት አይሎ ሲዘጋ የሚበርድ የነፋስ ድምፅ የሙቀት ምልክት ነው፤ በዝቅተኛ ፍጥነትም የማይጠፋ መንኳኳት ወይም መፋጨት ግን አብዛኛውን ጊዜ የማራገቢያውን ኩሽኔታ ማለቅ ያሳያል። ሲር የሚለው ቀጭን ድምፅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከካርዱ የኤሌክትሪክ ጥቅልሎች ስለሆነ፣ ማራገቢያ መቀየር አያድነውም። የድምፁ መንስኤ ሙቀት ሲሆን፣ ተጠያቂው በአብዛኛው በማቀዝቀዣው ስስ ብረቶች መካከል የተጋገረው አቧራ ነው። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ገመዱ ከተነቀለ በኋላ አቧራው በለስላሳ ብሩሽና በታመቀ አየር ይጸዳል። በዚህ ጊዜ የማራገቢያውን ክንፎች በጣት መያዝ የግድ ነው፤ በአየር ግፊት ከልክ በላይ ከተሽከረከሩ ኩሽኔታው ይጎዳልና። ለዓመታት ባገለገለ ካርድ ላይ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ሊደርቅ ስለሚችል መታደስ ይኖርበታል። ባለቀ ኩሽኔታ ላይ ቀጭን የማሽን ዘይት ጠብ ማድረግ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም፤ ዘላቂው መፍትሔ በስፋት፣ በብሎን ቀዳዳና በፒን ቁጥር የሚገጥም ሌላ ማራገቢያ መተካት ነው። ለአንድ ማራገቢያ ሲባል ደህና ካርድ መጣል ከባድ ብክነት ነው። እንደ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ባለ ፕሮግራም የማራገቢያውን ፍጥነት መቀነስም የሚያዋጣው ካርዱ ከጸዳ በኋላ ነው፤ በቆሸሸ ካርድ ላይ ድምፁ ቢቀንስም ሙቀቱ ይጨምራል።